እንጉርጉሮ የለመደችው በቅሎ

በጃንሆይ ጊዜ ጋይንት ውስጥ በቅሎ ገሪ ሆኜ የተቀጠርኩ ቀን፣ የገዥው በቅሎዎች አለቃ የነበረው ባልደራስ አለንጋዬን ቀምቶ ጣራ ላይ ወረወረው። «ኮርቻ ስትጭን አንጎራጉርላት። የት እንዳለህ በድምፅህ ካወቀች አትደነግጥም» አለኝ።

እኔ የማውቀው ዘፈን አንድ ነበር፤ ለአንዲት የስማዳ ልጅ የዘፈንኩት። ልጅቱ ሌላ አገባች፤ ዘፈኑ ለበቅሎዎች ቀረ። ሃያ ዓመት በእሱ ገራሁ። የራሴ በቅሎ ግን ኖሮኝ አያውቅም።

ሥራውን ለብቻዬ ከያዝኩ በኋላ እዚያው ጋይንት ካለችው ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ካህናት አንዲት ዳማ በቅሎ አመጡልኝ። የተገዛችው ድጓ ለሚያስተምሩት የኔታ ነው። ዳሌያቸውን ታመው ከጎጆአቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ አቅቷቸዋል። ሰው ይሸከመኝ አይሉም፤ ኩሩ ናቸው። በሁለት ወር ገርቼ አስረከብኩ።

በሳምንቱ አስጠሩኝ። የኔታ እርካቡን ሲረግጡ በቅሎዋ ትሽከረከራለች። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ሰው ፊት ውሸታም አሉኝ፤ ቅዳሜ ገበያ አውጥተው ሊሸጧት ነው። እሷ ከተሸጠች የኔታ ከጎጆአቸው አይወጡም።

እያንጎራጎርኩ ወጣሁባት። እንደ ድንጋይ ቆመች። ዝም ብዬ ስሞክር ተሽከረከረች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያስለመድኳት የራሴን ድምፅ ብቻ ነው።

እያፈርኩ ለየኔታ ነገርኳቸው። ምን እያልክ ነው የምታንጎራጉርላት አሉኝ። የስማዳዋን ልጅ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ሳቁ። «በሰባ ዓመቴ ለሰው ሚስት ልዝፈን? ተወው ልጄ፣ የራሴ ዜማ አለኝ።»

አሥር ቀን ሙሉ ግራና ቀኝ ቆምንላት። እኔ እጀምራለሁ፤ እሳቸው በአራራይ ዜማ፣ በለሆሳስ ይቀበሉኛል። እንዲያ ያለ ለስላሳ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ቀን በቀን የእኔን ድምፅ ቀነስኩ። በአሥረኛው ቀን ጭራሽ ዝም አልኩ።

የኔታ እያዜሙ እርካቡን ረገጡ። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ እሳቸው አዞረች፤ ቆመች። ተቀምጠውባት እያዜሙ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄዱ። ገበዙ ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ጎልማሳ ሆኜ መካነ ኢየሱስ ከተማ ፊደል ያስቆጠረኝ አስተማሪ መዝገበ ቃላት ነበረው። ማንጎራጎር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል አልኩት። ገልጦ «ክሩን» አለኝ፤ ፍቺውም በለሰለሰ ድምፅ መዝፈን ነው። ለማን እንደሚዘፈን መጽሐፉ አይናገርም።

በቅሎ የምትገሩ፣ የሚቀመጥባትን ሰው ከመጀመሪያው ቀን አጠገባችሁ አቁሙት። የምትለምደው የእሱን ድምፅ ይሁን።