የከሰል ጆንያ የሰፋንበት አጎበር

ዛሬ ጠዋት አዲስ አጎበር ከላስቲኩ ሳወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ልጄ ነገ ወደ ቆላው፣ ወደ ጫግኒ ልትወርድ ልብሷን ታጥፋለች። እኔ ግን ተመልሼ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆንሁ፤ ደጋው አዲስ ቅዳም ከተማ ዳር፣ ከሰል ጭስ ውስጥ።

ከጓደኛዬ ጋር ከሰል እናወጣ ነበር። ወንዶቹ እንጨቱን ይከምራሉ፣ እኛ ሣርና አፈር ተሸክመን እናለብሰዋለን። ሲበርድ ደግሞ ጆንያ ውስጥ የምንከተው እኛው ነን። ክፍያችን ግን የወንዶቹ ግማሽ ነበር። ጓደኛዬ ለምን ብላ ብትጠይቅ አሠሪያችን ሳቀባት።

«ጢም አብቅለሽ ነይ።»

«አፈሩን የሚሸከመው ጢም ነው እንዴ?» አለችው። አፏ ዝም አይልም ነበር።

በዚያ ሰሞን አጎበር ታደለን። እኛ ደገኞች ቢምቢን የት እናውቃታለን? ቀዳድጄ ገመድ ገመድሁትና የጆንያ አፍ ሰፋሁበት። እንዴት ያለ ጠንካራ ነበር መሰላችሁ! «የአንቺንም አምጪው» አልኋትና የእሷንም ሰፋንበት። ሐሳቡ የእኔ ነው።

ቀጥሎ ጫግኒ ለቦሎቄ ለቀማ ደህና ይከፍላሉ ሲባል ሰማን። በእህል መኪና ላይ ሆነን ወረድን። በደረስን ዕለት ወንዝ ገብተን ጥላሸቱን ስንታጠብ፣ «ውይ፣ ለካ ቀይ ነሽ!» ብላ ሳቀችብኝ። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከጎናችን ቁጭ ብለው ያንኑ ቦሎቄ የሚለቅሙት የከተማው ሴቶች ከእኛ የበለጠ ይከፈላቸው ነበር። ካቦው «እናንተ ማደሪያ ሰጥተናችኋል» አለን። ማደሪያ የሚለው የመጋዘኑን ጥግ ነው፤ ሙቀቱና የባዶ ጆንያው አቧራ ያፍናል።

በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ተንቀጠቀጠች። እኔ የማውቀው ብርድን ብቻ ነው፤ ያለንን ጋቢ ሁሉ ደራረብሁባት። አንዲት ለቃሚ አየቻትና «ወባ ነው እኮ! አጎበራችሁስ?» አለችኝ።

 ጓደኛዬ ናት የመለሰችላት። «ከሰሉ ለብሶት ሄደ።»

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት አማርኛውን ትታ በአገውኛ ብቻ እናቷን ትጠራ ነበር። ሳንደርስ ያ አፏ እስከ ወዲያኛው ዝም አለ።

ይኸው ልጄም እዚህ ኮሶበር ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ብታጥብ፣ ብታጥብ ለቤት ኪራይ እንኳ አልሆናት ብሎ ወደዚያው ለቀማ ልትሄድ ነው። ከከተማው ልጆች እኩል ይከፍሏችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ማደሪያ ይሰጡናል እኮ፣ እማ» አለች፣ ሳታየኝ።

ቅሪ ልላት አፌን ከፈትሁ። ብትቀርስ ምን እሰጣታለሁ?

ዕቃዋን በማዳበሪያ ጆንያ ከተትንና አጎበሩን ከላይ አደረግሁት። አፉን በሲባጎ ስሰፋው እጄ የከሰሉን አሰፋፍ አልረሳም ኖሯል። ጨረስሁና መልሼ ፈታሁት፣ አጎበሩ መኖሩን ልይ ብዬ።

«ኧረ እማ፣ አሁን እኮ አየሽው!» አለች።

ሰፋሁት። ደግሜ ፈታሁት።