ዊዳድና ትርፉ ቅጂ

ዊዳድን አልወዳትም። ይሄን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «ቡዜ አሞገሰቻት» እንዳትሉኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ስሟ ሲነሳ ሴቱ ሁሉ «ማሻአላህ፣ አማና ጠባቂ፣ አደራ የማትበላ ናት» ይላል። ናት፣ ማን ካደ? ግን አልወዳትም። በሻርፕ ሱቄ በር ስታልፍ «አሰላሙ ዐለይኩም እትየ» ትላለች፣ እኔም እመልሳለሁ፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነብኝ ነው እንጂ ለእሷ ብዬ አይደለም።

ሥራዋ የሰርግ ቪዲዮ ማንሳት ነው። ካሜራ ያንጠለጠለ ወንድማ በየመንገዱ ሞልቷል። ነገር ግን በእኛ ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባበትም። እዚያ ውስጥ ሻርፑ ይወልቃል፣ ፀጉሩ ይለቀቃል፣ ድቤው ሲመታ ወገቤን የምትለው አሮጊት ሳትቀር ትነሳለች። ድሮ እዚያ የሆነው እዚያው ይቀር ነበር። የዛሬዋ ሙሽራ ግን ማስታወሻ ትፈልጋለች። ዊዳድ ይሄን አየችና ካሜራ ተማረች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ «ሴት ልጅ ካሜራ ተሸክማ በየሰርጉ!» ብሎ ሲጮህባት ዝም ብላ ሰማችውና በማግስቱ ተሸክማ ወጣች። እንዲህ ያለች ደረቅ ናት።

አሠራሯ ደግሞ ያበሽቃል። የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ዘንቢል ታስቀምጣለች፣ የሚገባ ሁሉ ስልኩን እዚያ ይጥላል። የሙሽራዋ አክስት ነኝ፣ ከጅዳ ነው የመጣሁት ብትያት አትሰማሽም። እኔን የሙሽራዋን እናት፣ በልጄ ሰርግ፣ በገዛ ቤቴ፣ «እትየ፣ ስልክዎን» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ! ከሰርጉ በኋላ በሯን ዘግታ ፊልሙን ራሷ ትሠራዋለች፣ ለሙሽራዋ በፍላሽ ትሰጣለች፣ ከላፕቶፑ ታጠፋለች። ከዚያ የሚቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እሱም በሃርድ ዲስክ ሆኖ ገራዶ በሚባለው መንደር እናቷ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ምናልባት የሙሽራዋ ፍላሽ ቢጠፋ ወይ ቢበላሽ ብላ ነው። «የት የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ እርስዎም ይወቁት» ትላለች ለእናት ሁሉ።

እንዲህ ያደረጋት ምክንያት አላት፣ አልክድም። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሷም ሸሸች፤ ስትመለስ በሩ ተሰብሮ ላፕቶፑ የለም። ፓስወርድ እንኳ አልነበረውም። የስንት ሙሽራ ፊልም ውስጡ ነበር። ያን ጊዜ ሴቶቹ ያለቀሱት ፊልሙ ጠፋብን ብለው መሰላችሁ? ማን እጅ ገባ ብለው ነው እንጂ። ለረጅም ጊዜ በአሮጌ ላፕቶፕ ስትሠራ ቆየችና ዘንድሮ አዲስ ገዛች።

የገዛችው ደሴ፣ ከአክስቷ ልጅ ከሚስባህ ሱቅ ነው። ሚስባህ ኮምፒውተር ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ምላሱም ማር ነው። እሷም አዘዘችው። ቢሰረቅ ማንም እንዳይከፍተው ይቆለፍ። አልነሳ ቢል የምታስነሳበት ፍላሽ ይዘጋጅ። በአሮጌው ላይ ያለው ወደ አዲሱ ይዛወር። አሮጌው ላይ በዚያ ሰሞን አንድ ሰርግ ብቻ ነበረበት፣ ገና ተሠርቶ ያላለቀ። የእኔዋ የቢልቂስ ሰርግ።

ቢልቂስ አንድ ልጄ ናት። ሕፃን ሆና የፈላ ዘይት ተገልብጦባት ከግራ ትከሻዋ እስከ ክርኗ ተቃጥላለች። ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ሸፍናው አደገች፤ በዚህ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ በጋ የለ ክረምት የለ፣ ረጅም እጅጌ ነው። ጓደኞቿ እንኳ አያውቁም ነበር። በሰርጓ ቀን ግን ድቤው ሲሞቅ፣ ሴቶቹ ሲያጨበጭቡላት፣ ምን እንደነካት አላህ ይወቀው፣ ከላይ የደረበችውን አውልቃ ወረወረችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጨፈረች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ልጄን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ዊዳድ ያን ቀረጸችው። ቢልቂስ ሐርቡ ከተማ ባለው ባሏ ቤት ሰው ስለሚበዛ ፍላሹን እኔው ዘንድ አስቀመጠችው። እኔም ሱቄን ዘግቼ ስገባ እየከፈትኩ አየዋለሁ፣ አልጠግበውም።

አንድ ቀን ዊዳድ ሱቄ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትየ፣ ይቀመጡ» አለችኝ።

«በገዛ ሱቄ ተቀመጪ ትይኛለሽ? ምን ሆነሻል?»

ነገረችኝ። ጠዋት አዲሱ ላፕቶፕ አልነሳ ይላታል። ለሚስባህ ትደውላለች። እሱ ይስቃል፤ «በሰጠሁሽ ፍላሽ አስነሽው፣ እምቢ ቢል እንኳ አትጨነቂ፣ ያኔ ሳዛውርልሽ ሁሉንም እኔም ጋ ቅጂ አስቀርቼልሻለሁ» ይላታል። ላፕቶፑ ወዲያው ተነሳ። እሷ ግን ላፕቶፑን ዘግታ ወደ እኔ ተነሳች፣ ምክንያቱም ያ ቅጂ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

«የልጄ ፊልም ወንድ እጅ ነው ያለው?»

«አዎ፣ እትየ።»

ሌላ ብትሆን ትለባብሰው ነበር። እሷ «አዎ» ብላ ቆመች። የጮህኩት ጩኸት እስከ መናኸሪያ ሳይሰማ አይቀርም። «አማና ትያለሽ! ስልኬን ዘንቢል ውስጥ አስጥለሽኝ አንቺ ልጄን ለዘመድሽ አስረከብሽ!» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና «ደሴ እየሄድኩ ነው፣ ከፈለጉ አብረውኝ ይምጡ» አለች። ሻርፖቹን እንደተሰቀሉ ትቼ በሩን ጠረቀምኩትና ተከተልኳት። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ፣ ሚስባህ ሱቅ ገባን።

ሚስባህ ፈገግ ብሎ ወንበር ሊያቀርብ ተነሳ። አልተቀመጥንም።

«ቅጂው የታለ?» አለችው።

«ኧረ ረጋ በይ! ለአንቺው ብዬ እኮ ነው። ለደንበኛ ሁሉ አስቀራለሁ። ነገ ያንቺ ዲስክ ቢሞትስ? እንዲያውም እኮ ያስመሰግነኛል።»

«ቅጂ አስቀርልኝ ብዬ አዝዤህ ነበር?»

«ይሄ ደግሞ ትእዛዝ ይፈልጋል? ሁሉን አሰብኩልሽ እንጂ ምን በደልኩሽ!»

«አጥፋው።»

እየተነጫነጨ አጠፋው። እሷ ወንበሩን አስለቀቀችውና የጠፋው የሚወድቅበትን የኮምፒውተሩን ቅርጫትም አጸዳች፣ ዲስኩን ከላይ እስከ ታች በረበረችው፣ ስልኩንም ተቀብላ አየች። ጆሮው ቀልቷል። «ሌባ ነኝ እንዴ? የአክስትሽ ልጅ እኮ ነኝ!» ይላል።

«ከፍተኸዋል?» አለችው።

«ወላሂል ዐዚም አልከፈትኩም!»

ያረቢ፣ ያቺን ቃል ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። እኛ ዘንድ ወላሂ ከተባለ ነገር አለቀ፣ ማን ያልፈዋል? «አልሐምዱሊላህ» አልኩና ቦርሳዬን አነሳሁ። ያኔውኑ ብንወጣ ኖሮ! ምላሴ አላርፍ አለኝ። «ስማ አንተ፣ ልጄን አየኋት የሚል አንድ ሰው ብሰማ፣ መጥቼ ይሄን ሱቅ በላይህ ላይ ነው የማፈርሰው!» አልኩት።

እሱ ሊያባብለኝ ፈለገ። ድምፁን አለስልሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እትየ ቡዜ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ጠባሳው እኮ ያን ያህል አይደለም። ስትጨፍር ጭራሽ አይታወቅባትም» አለኝ።

ስለ ጠባሳው እኛ አልነገርነውም። የተናገረው ለራሱም የገባው ከእኛ በኋላ ነው። እኔ ባንኮኒው ላይ ያለውን ኪቦርድ አንስቼ ግንባሩን አልኩት። «ዓይንህ ይጥፋ! እጅህ ይሰበር! ቤትህ ይፍረስ! በአላህ ስም ትዋሻለህ አንተ ከሃዲ!» ያላልኩት የለም። ሰው በር ላይ ተሰበሰበ። ዊዳድ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ለማን አሳየኸው?»

«ለማንም! ወላ…»

«አትማል። መሐላህን ሰምተነዋል።»

እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ቁልቁል ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ በሹክሹክታ ተጣላን። «ጠፍቷል አይደል? በቃ። ቢልቂስ አትሰማም። አፍሽን ትይዣለሽ» አልኳት።

«እትየ፣ ፊልሙ የእሷ ነው። ቃል የገባሁትም ለእሷ ነው።»

«ገና ትዳር መያዟ ነው! ይሄን ሰምታ ሰው ፊት ትወጣለች? ልትገያት ነው?»

«ነገ ከእሱ አፍ ወጥቶ ከመንገድ ላይ ብትሰማውስ? ያን ጊዜ እኔም እርስዎም አውቀን ደበቅናት ማለት ነው።»

«ነገርሻት ማለት ደጄን አትረግጪም!»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችው ደጄን ላለመርገጥ ነው።

በማግስቱ ሐርቡ መሄዷን ስሰማ ባጃጅም መኪናም ለምኜ ደረስኩባት። ባሏም ቤተሰቡም ወጥተው ልጄ ብቻዋን ነበረች፣ ደስ ብሏት ውሃ ልታቀርብልን ተፍ ተፍ ትላለች። ዊዳድ «ተይው፣ መጀመሪያ ስሚኝ» ብላ ሁሉንም ነገረቻት። ያችን ስለ ጠባሳው የተባለችውን እንኳ አልተወችም። እኔ ወለሉን ነበር የማየው፣ የልጄን ፊት ማየት አቃተኝ።

ቢልቂስ ቀስ ብላ «እሱ ብቻ ነው ያየው?» አለች።

እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ! አንዲት ወላሂ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «እሱ ብቻ ነው፣ ወላሂ» ብትላት ልጄ ታምናት ነበር፤ የዊዳድን መሐላ የማያምን የለም። ዓይኔን አፍጥጬ ዊዳድን አየኋት። «ማይላት!» አልኳት። «እሱ ብቻ ነው በያት! ማይ!»

«አላውቅም፣ ቢልቂስ» አለች። «ለማንም አላሳየሁም ብሏል፣ እሱ ግን ዋሽቷል። በማላውቀው አልምልልሽም።»

«አንቺ ድንጋይ!» አልኳት። «አንቺ ልብ የሌለሽ!»

ቢልቂስ «አጥፊልኝ» አለች። «ያንቺንም፣ የገራዶውንም።» ዊዳድ ይሄን ጠብቃ ኖሮ በጠዋት ገራዶ ሄዳ ዲስኩን ይዛ መጥታለች። ላፕቶፑን ከፍታ እዚያ ውስጥ እንደሌለ አሳየቻት፣ ዲስኩን ሰካችና «አንቺው አጥፊው» ብላ አዞረችላት። ልጄ ተጫነችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጇን ዘረጋች።

ፍላሹን በሻርፔ ጫፍ ቋጥሬ ነበር የምይዘው። «ይሄ የኔ ነው፣ ለማንም አላሳይም፣ ብቻዬን ነው የማየው፣ ልጄ» አልኳት። ለመንኳት። እኔ እናቷ እጇን ይዤ ለመንኳት። «ስጪኝ እማየ» አለች። ቋጠሮውን መፍታት አቅቶኝ ራሷ ፈታችው።

ዊዳድ ዛሬም ትሠራለች። አዲሱን ላፕቶፕ ለማንም አታስነካም፣ መቅዳቱንም ማስነሳቱንም ራሷ ተምራዋለች። የሙሽራ እናት ልታነጋግራት ስትመጣ፣ ስም ሳትጠራ፣ መጀመሪያ የምትነግራት ይሄንኑ ነው። «አንድ ጊዜ ከእጄ ወጥቶ ወንድ አይቶታል፣ ይሄን አውቀው ይዋዋሉ» ትላለች። ትተዋት የሚሄዱም አሉ አሉ፣ ይሂዱ። የሚቀሩት ናቸው «አማና ጠባቂ» የሚሏት። ሚስባህም ሱቁን ከፍቶ እንደ ድሮው ይስቃል፤ እሱን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ።

ቢልቂስ በወር በወር ትጠይቀኛለች። ባለፈው ጁምዓ መጥታ ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ምሳ በልተን ሳህኑን ልታጥብ ጎንበስ አለች፤ ውሃው እጅጌዋን እስከ ክርኗ አርሶ ይንጠባጠባል። ድሮ እኔ ፊት እጅጌዋን መሰብሰብ አትፈራም ነበር። «ሰብስቢው እንጂ ልጄ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኳት።

«ተይው እማየ» አለችኝ። «እንዲህ ይሻለኛል።»