የየኔታ ጥፍር

ባለፈው ሳምንት ልጄ እግሬን ልታሳይልኝ ጎንደር ካለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነርሷ ገና ወጣት ናት። አውራ ጣቴን አገላብጣ አየችና፣ «አባባ፣ የጥፍርዎን ጥግ አይጎርጉሩት፤ ቀጥ አድርገው ብቻ ይቁረጡት» አለችኝ። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ያንኑ ምክር እሷ ሳትወለድ ሰምቼው ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያስተማሩኝን የኔታን ሳስታውስ፣ ልጄ ሕመሙ የባሰብኝ መሰላት።

የኔታ ቄስ አድማሱ ይባሉ ነበር። ከትክል ድንጋይ ወዲህ ባለች የገጠር ደብር ይቀድሳሉ፤ እኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ሆኜ እሳቸው ቤት አድራለሁ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት አልፎታል። ሚስታቸው ሞታባቸው ስለነበር አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ውኃ ትቀዳላቸው፣ ሽሮ ትሠራላቸው ነበር።

በዚያ ዓመት አስመራ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ጥቁር የቆዳ ጫማ አመጣላቸው። ጫፉ የሾለ፣ ለገበሬ እግር የማይሆን ጠባብ ጫማ ነው። የኔታ ግን ሰጪው ቅር እንዳይለው ብለው አጠለቁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ሰኔ ላይ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ሥጋቸው ውስጥ ገባ። ጎንበስ ማለት ስለሚያቅታቸው ምላጭ ሰጥተው ቁረጥልኝ አሉኝ። እኔም ጥጉን ወደ ውስጥ ገብቼ ቆረጥሁት። ሁለት ሦስት ቀን እፎይ አሉና መረቁኝ። ጥፍሩ ሲያድግ ግን የባሰ ወጋቸው፤ እኔም የባሰ ወደ ውስጥ ቆረጥሁ። እንዲህ እያልን ጣቱ አበጠ፣ መግልና ደም ይወጣው ጀመር። ደም የሚፈሰው ካህን ደግሞ መቅደስ አይገባም።

ፍልሰታ ደረሰ። ቅዳሴው በየቀኑ ነው፤ ከጎረቤት ደብር ሌላ ቄስ እየመጡ ይቀድሱ ጀመር። የኔታ ቅጥር ግቢው ውስጥ ወይራ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ዝናብ እየመታው ያስቀድሳሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ «አሞኛል» ይላሉ፤ እግራቸውን ገልጠው ማሳየት ነውር ሆነባቸው። ሲሄዱም ሲበሉም የሚያያቸው ሰው ግን አላመናቸውም። ከዚያች ውኃ ከምትቀዳላቸው ሴት ጋር ሆነው ክህነታቸውን አፍርሰዋል ተባለ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ሽማግሌዎቹ ፊት ጠሩኝ።

«አንተ ከቤታቸው ታድራለህ። ምነው ቄሱ ከመቅደስ ቀሩ?»

ሁሉም አፌን አዩ። ጣታቸው ይደማል ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ነገር ግን ማን ቆረጠው ቢሉኝስ? ካህን ከመቅደስ ያስቀረ ዲያቆን እንዳልባል ፈራሁ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልሁ።

አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲያቆኑ እንኳ ገመናቸውን ሸፈነ ተብሎ የእኔው ዝምታ ምስክር ሆነባቸው።

መስከረም ሲጠባ የኔታን በበቅሎ ጎንደር ወሰድኋቸው። ጭቃው አልደረቀም ነበር። ወለቃ ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ ሸክላቸውን ለገበያ ከደረደሩበት ጥግ ዐረፍ ብለን ቆሎ ቆረጠምን። ሐኪም ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ቁስል አጣቢ ድሬሰር ጣቱን ሲያይ ፊቱ ተቋጠረ።

«ማነው እንዲህ የቆረጠው?»

መሬት መሬት አየሁ።

«እኔው ነኝ» አሉ የኔታ።

ድሬሰሩ ጥጉ በተቆረጠ ቁጥር ሥጋው ቦታውን እንደሚይዝ፣ ጥፍሩም መውጫ ሲያጣ ሥጋውን እንደሚወጋ አስረዳን። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ የጨው ውኃ መዘፍዘፍ፣ ከጥጉ ሥር ጥቂት ንጹሕ ጥጥ አስገብቶ በየቀኑ መለወጥ፣ ጠባቡን ጫማ መተው፣ ጥፍሩ ከሥጋው በላይ ሲወጣ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፤ ሌላ መድኃኒት የለውም አለን። ከሁሉ የከበደኝ ሳይቆርጡ መጠበቁ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ውኃ ሳሞቅ፣ ጥጥ ስለውጥ ሰነበትሁ። በመካከሉ ያቺ ጎረቤት ሐሜቱን አልቻለችውም፤ ጓዟን ጠቅልላ ሳንጃ ዘመዶቿ ዘንድ ወረደች።

በኅዳር ጽዮን የኔታ መቅደስ ገቡ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ግን ሕዝቡ እያለፋቸው ወደ እንግዳው ቄስ ሄደ። አንዲት እናት ወደ እሳቸው የሚሄደውን ልጇን በነጠላው ጎትታ መለሰችው።

ወደ ቤት ስንወርድ አንገታቸውን እንደ ደፉ፣ «ጥፍሩስ ድኗል» አሉኝ።

ያን ጊዜ ተመልሼ ብናገር ይደርስ ነበር። ሰው ገና ከግቢው አልተበተነም። ከኋላቸው ዝም ብዬ ሄድሁ። በዓመቱ ደብሩን ለቀው ገዳም ገቡ፤ ዳግመኛ አልተያየንም።

አሁን ሰማንያን አልፌአለሁ፤ ደክሞኛል። ስለ እኔ ሲሉ ሐኪም ፊት የዋሹ ሰው ነበሩ፤ እኔ ለእሳቸው እውነቱን መናገር አቃተኝ። አለቃውም ሽማግሌዎቹም ሞተዋል። ጣታቸው ይደማ ነበር ብዬ ዛሬ ብናገር፣ ሰምቶ እሳቸውን የሚያስታውስ ሰው የለም።