ዌዚ ኛሱሉ ሳትጠይቅ የቀረችው

ዌዚ ኛሱሉ ስምንት ሰዓት ላይ የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። አሁን አምስት ተኩል ነው። ዞምባ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። ዛሬ ወይ ፕሮፌሰር ትሆናለች፣ ወይ እንዲሁ ጡረታዋን ትጠብቃለች። ማመልከት የሚቻለው ሁለቴ ብቻ ነው፣ አንዱን ካራት ዓመት በፊት ወድቃበታለች።

አባቷ በሰው እርሻ ትምባሆ ሲለቅም ያረጀ ሰው ነው። እሷ ግን ተምራ ተምራ የልማትና የፖለቲካ ጥናት አስተማሪ ሆነች። አስራ ሁለት ጥናት ጽፋለች። አስራ አንዱን ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ተደምረው ሠላሳ ስምንት ጊዜ ቢጠቀሱ ነው፣ ግማሹን ደሞ የጠቀሰችው ራሷ ናት። አንዷን ግን አራት መቶ አስራ ሁለት ሰው ጠቅሷታል። ከአስር ዓመት በፊት ቺልዋ ሐይቅ ዳር አንዲት መንደር አራት ወር ተቀምጣ የሠራቻት ናት። ጥናቷ የመንግሥት ማዳበሪያ ለተመዘገበው ድሃ ብቻ ደረሰ ትላለች። "ኛሱሉ እንዳረጋገጠችው" እየተባለ አገር ላገር ዞረች። ጎረቤት ቢሮ ያለው ዶክተር ማሎንጋ ባገኛት ቁጥር "የአራት መቶ አስራ ሁለቱ እመቤት፣ እንዴት አደርሽ?" ይላታል።

ዌዚ የሰሜን ልጅ ናት፣ ያኔ የመንደሩን ቋንቋ አታውቅም ነበር። ያስተረጎሙላት የመንደሩ ገበሬ አማይ ኤስናት ናቸው፤ አማይ እናት ማለት ነው። ዛሬ እሳቸው ደስታዋን ሊካፈሉ ደረቅ አሳ በፌስታል ይዘው በሚኒባስ ቢሮዋ ድረስ መጡ።

"እስቲ ምን ብለሽ ጻፍሽልን?"

ዌዚ ኮራ ብላ እየተረጎመች አነበበችላቸው። "ከሰባ አንድ ቤት ማዳበሪያ ያገኙት ሠላሳ አንዱ፣ የተመዘገቡት ብቻ ናቸው።"

ኤስናት ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ይሄን ጻፍሽ? አመኑሽ ደሞ?"

"ምን ማለትዎ ነው አማይ?"

"የጎረቤትሽ በቆሎ ቢጫ ሆኖ፣ ልጆቹ እያዩሽ፣ ማዳበሪያ ብቻሽን ትበትኛለሽ? የመንደሩ ሹም ጓሮ ጆንያውን ፈታን፣ በሳህን ሰፈርን፣ ሰባ አንዱም ቤት ደረሰው።"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተረጎሙልኝ!"

"ያሉትን ነዋ! አንቺ 'የማዳበሪያ ኩፖን የደረሰው ማነው' አልሽ፣ የደረሰው እጁን አወጣ። ማሳው ላይ ማን በተነው ብለሽ መች ጠየቅሽ? ደሞ ሹሙን ጎንሽ አስቀምጠሽ! ማካፈል ክልክል ነው፣ መንግሥት ከሰማ ለከርሞ ማዳበሪያ የለማ።"

ዌዚ መሳቢያዋን አየች። አምና ሌላ አገር ያለ መሥሪያ ቤት እሷን ጠቅሶ ያልተመዘገበውን ገበሬ ሁሉ ባዶ እጁን ሰዶታል። ይህን የጻፈላት ደብዳቤ እዚያ ውስጥ አለ። ኮርታበት ነበር ያስቀመጠችው።

ማሎንጋ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ነገረችው።

"ዛሬ አፍሽን ያዢ" አላት። "ሹመቱን ውሰጂ፣ ከዛ አርሚው። ፕሮፌሰር ሲያርም ጀግና ነው። ዶክተር ሲያርም ያው ተሳሳተች ነው።"

"ጥናቱን የሚጠቅሱትስ?"

"አስር ዓመት የተሳሳቱ ሰዎች ሁለት ወር ቢጨመርላቸው ይሞታሉ?"

ስምንት ሰዓት። አምስት ሰው ጠረጴዛውን ከቦ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ምቤዋ ድሮ ያስተማራት ነው።

"ዶክተር ኛሱሉ፣ ከሥራዎችዎ ትልቁ የቱ ነው ይላሉ?"

የውሃውን ብርጭቆ አንስታ ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

"ትልቁ ስህተት ነው" አለች።

ነገረቻቸው። የመንደሩን ስም አልተናገረችም፣ ጥናቱም ላይ ያለው የሐሰት ስም ነው። ከውጭ የመጣው ገምጋሚ መነጽሩን አወለቀ።

"አንዲት ገበሬ ሴት ስላለች? አራት መቶ ሰው የተቀበለውን?"

"አራት መቶው ያዩት እኔን ነው ጌታዬ። ማሳውን አላዩትም። እሳቸው በገዛ እጃቸው በትነውታል።"

ይውጡልን አሏት። ኮሪደር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመች። ፕሮፌሰር ምቤዋ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ብቻውን ወጣ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዌዚ፣ ስሚኝ። 'አመልካቿ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ገለጹ' ብለን ጽፈናል። ውሸት አይደለም። ፈርሚና ጉዳዩ ይለቅ።"

"ይለቅ ማለት?"

"ታልፊያለሽ ማለት ነዋ! ሁለተኛሽ ነው እኮ፣ ሦስተኛ የለም።"

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ያዘች። አረፍተ ነገሩን ሁለቴ አነበበችው። ደህና አረፍተ ነገር ነው፣ ለተማሪዎቿም እንዲህ ጻፉ ትላቸዋለች።

ከዛ ሰረዘችው። ከላዩ ላይ "የጥናቴ ውጤት ትክክል አይደለም" ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ መለሰችለት።

ምቤዋ አየው። ገባና በሩን ዘጋው።

አማይ ኤስናት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

"ሆነ?"

"አልሆነም።"

"በኔ ምላስ!" ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙት።

"ኧረ በኔ ነው አማይ" አለች ዌዚ። አጠገባቸው ስትቀመጥ ደረጃው ከፀሐዩ ይፋጅ ነበር። ሁለቱም አልተነሱም።