ቤት ለዋለ አንድ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ድካም የማታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እኛ ነን እንግዲህ አታውቅም የምንለው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ከድጃ ቢሆንም አባቴ «እታለም» ስለሚላት እኛም ልጆቹ እታለም እያልናት አደግን። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት፣ አንድ ቁርበትና የለበሰችውን ልብስ ይዛ ወንድሟ ቤት የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው አሉ። ቤታችን ወሎ ውስጥ፣ ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታ ላይ ነበር። ለመንደሩ ትልቅ ሰው ሁሉ አንቱ የምንል ልጆች እሷን ግን አንቺ ነበር የምንላት። ስለምትወዳችሁ ነው ይሉን ነበር፤ እውነት ነው፣ ትወደናለች። ዛሬ ሳስበው ግን አንቺ ያስባላት ፍቅር ብቻ አልነበረም።

ተረት የምታወራልን እሷ ነበረች። መግሪብ ደርሶ አባቴ ከመስጊድ እስኪመለስ ያለችው ያቺ አጭር ጊዜ የእኛ ነበረች። ኩራዙ ጭሱን ወደ ክዳኑ እየላከ፣ ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም አመድ እየለበሰ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ቁርበቷ ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ፣ እሷ በቆሎ እየፈለፈለች ወይም የነገውን ማሽላ ከጠጠር እየለቀመች ትጀምራለች፤ ያኔ እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም፣ ተረቱ የሚያስጨንቀው ቦታ ላይ ሲደርስ እንኳ ጣቶቿ አይቆሙም ነበር። የእሷ ተረት ደግሞ ዝንጀሮና ቀበሮ የበዛበት አልነበረም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ትናንት ጎረቤት የደረሰ ነገር እንደምታወራ ሆና ነበር የምትነግረን፤ ለዚያም ነው የሚያስፈራው።

ከሁሉም ያልለቀቀኝ የቆጣሪው ተረት ነው። ሰው ይሁን ጅኒ አይታወቅም፣ አንድ ቆጣሪ ነበር አሉ። ሥራው ፀሐይ ስትገባ በየደጁ እየቆመ የቤቱን ሰው መቁጠርና ለእያንዳንዱ የነገ ጉልበቱን ደፍ ላይ ትቶለት መሄድ ነው። ወደ ውስጥ መግባት ስላልተፈቀደለት የሚቆጥረው ግድግዳው ላይ የሚያየውን ጥላ ነው። አንድ ቤት ታዲያ ስድስት ሰው አለ፤ ቆጣሪው ግን ሁልጊዜ አምስት ጥላ ያይና የአምስት ሰው ጉልበት ትቶ ያልፋል። ስድስተኛዋ መብራቱን የያዘችው ሴት ናት፤ የእሷ ጥላ ከኋላዋ ካለው ጨለማ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ሴትየዋ ዛሬን በትናንቱ ጉልበት ትሠራለች፤ የትናንቱ ሲያልቅ ከትናንት ወዲያ በተረፈው ትሠራለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግን ሁሉም አለቀና መብራቱ ከእጇ ወደቀ። ቤቱ ድርግም አለ። ቆጣሪው ደጅ ቆሞ ቢያይ ግድግዳው ላይ አንድም ጥላ የለም። «እዚህ ቤት ሰው የለም» አለና የሁሉንም ድርሻ ይዞ አለፈ።

ሰይድ ተናደደ። መብራቱን አንድ ቦታ አስቀምጣው ለምን ከሰዎቹ ጋር አትቀመጥም ነበር ብሎ ጠየቃት። እታለም መፈልፈሏን ሳትተው፣ «ማን ሊይዝላቸው?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ኩራዝ በበራ ቁጥር የእታለምን ጥላ ግድግዳው ላይ መፈለግ ልማድ ሆነብኝ። ጎንበስ ስትል አጣዋለሁ፤ ቀና ስትል አገኘውና ልቤ መለስ ይላል። ለማንም አልተናገርኩም፣ ሰይድ ይስቅብኛል ብዬ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ዝናቡ ከዳንና ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። ጎተራው ሲጠረግ ከሚወጣው እህል አቧራው መብዛት ሲጀምር አባቴ ደንብ አወጣ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ላዳላለት ፈልጌ ሳይሆን፣ ወላሂ፣ እውነት ስለሆነ ነው። «ከደጅ ለገባ ሁለት፣ ቤት ለዋለ አንድ» አለ። ወጥቶ የዋለ ሰው ሁለት ቁራሽ ቂጣ፣ ቤት የዋለ አንድ ቁራሽ ማለት ነው። ነገሩ ለማንም እንግዳ አልሆነም። በችግር ጊዜ ጉልበት ላለበት ሥራ ማድላት በእኛ አገር የቆየ ነው፤ ገለባ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚሰጠው ለሚጠመደው በሬ ነው። አባቴና ሰይድ ማሳ ይውላሉ። እናቴ የሚሸጥ ያገኘች እንደሆነ መርሳ ገበያ ትወርዳለች። እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ደጅ ነው። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የዋልኩት እኔ፣ ሁለት ቁራሽ ይደርሰኝ ነበር።

እታለም ቤት ናት። ቤት ናት ማለት ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣ ወፍጮ ቤት ለመውሰድ የሚበቃ እህል ስለሌለ በድንጋዩ ትፈጫለች፣ በረት ትጠርጋለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ የቀረበው ምንጭ ስለደረቀ ወንዝ ድረስ ሁለት ጊዜ ወርዳ እንስራዋን አዝላ ኮረብታውን ትወጣለች። ወንዙ ከትምህርት ቤቴ ይርቅ ነበር። ውሃ መቅዳት ግን የቤት ሥራ ነው፤ ስለዚህ እሷ ቤት ነው የዋለችው። ይህ አንዳችንም ነገሬ ብለን የምናየው ጉዳይ አልነበረም።

ቂጣውን የማድለው እኔ ነበርኩ። እጇ አያዳላም ብሎ የሾመኝ አባቴ ነው። አይ እኔ! ኮርቼ ነበር እኮ። ለአባዬ ሁለት፣ ለእማዬ ሁለት፣ ለሰይድ ሁለት፣ ለእኔ ሁለት፣ ለእታለም አንድ፤ ቁራሾቹ እኩል መሆናቸውን በዓይኔ እየለካሁ፣ አንዱ ከበለጠ ጫፉን እየቆረስኩ አድል ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቁራሿን ሳቀብላት አምባሯ ከእጅ አንጓዋ ተነስቶ እስከ ክርኗ ሸርተት ሲል አየሁ። ድሮ ያ አምባር በሳሙና እንኳ አይወልቅላትም ነበር። ድንገት እንዲህ አልኳት፦

«እታለም፣ አንቺም እኮ ስትሠሪ ነው የዋልሽው። ለምን ሁለት አልሰጥሽም?»

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ እናቴ የሻሿን ጫፍ ትፈትል ጀመር። እታለም ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው፣ ወይም እንደዚያ መስሎኛል።

«እኔ ምን ሠርቼ፣ ልጄ? ቤት አይደል የዋልኩት። አንቺን ነው ፊደሉ የሚያደክምሽ፤ ብዪ በይ» አለችኝ።

በላሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ሆድ ይህን ያህል ያውቃል። ውሸቷን መሆኑን አውቃለሁ። ቂጣው ግን ይጣፍጥ ነበር፣ እኔም ርቦኝ ነበር፣ እሷ ደግሞ ፈቅዳልኛለች። ከዚያ ቀን በኋላ ድጋሚ አልጠየቅኋትም።

ብዙም አልቆየች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰዎች ከኮረብታው ግርጌ ተሰብስበው አየሁ። ከወንዝ ስትመለስ ነው የወደቀችው፤ በሁለተኛው ጉዞዋ። እንስራው ተሰብሮ ውሃው አፈሩን አርሶት ነበር። አላህ ይርሐማት፣ ስደርስ ነጠላ አልብሰዋታል። ያጠቧት ሴቶች ለእናቴ ምኗን አጠብነው፣ አጥንት ብቻ እኮ ናት ሲሉ ሰማሁ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ምን አገኛት፣ ደህና ቤቷ ተቀምጣ አልነበረም ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። አባቴ ይህን በሰማ ቁጥር ተነስቶ ወደ በረቱ ኋላ ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ቂጣው እንደ ድሮው ሳይቆረስ ከነገበታው ቀረበ። ደንቡ ቀረ ያለ ሰው ግን የለም።

ከዚያ ነው ድምፁ የጀመረው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከእሷ ጥግ፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲያሽ እሰማለሁ። ዞር ስል ወፍጮው ብቻውን ነው። አንዳንዴ እናቴ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ቀጥ ብላ ወደዚያው ጥግ ስታይ አገኛት ነበር፤ ሰማሽ ወይ አትለኝም፣ እኔም አልላትም። አባቴ በመጨረሻ ወፍጮውን አስነቅሎ ከአጥሩ ድንጋይ ጋር ካበው። ለእኔ ምንም አልጠቀመኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከመቶ ሴት ጋር ፎቅ ላይ በማድርበት ጊዜ እንኳ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እሰማው ነበር።

አሁን የምኖረው ወልድያ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ተቀምጬ ነው የምውለው፤ ስኳር አለብሽ ከተባልኩ ዓመት አልፎኛል። ሐኪሞቹ የምትበይውንም የምትንቀሳቀሺውንም መዝግቢ ሲሉኝ ልጄ ካሎሪ የሚቆጥር ነገር ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። የበላሁትን እነግረዋለሁ፣ የሠራሁትን እነግረዋለሁ፣ ይህን ያህል ይቀርሻል ይለኛል። ታዲያ ባለፈው ሰሞን ቢሮ ሻይ ስንጠጣ የቤት ሥራ ከስፖርት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ክርክር ተነሳ። ትርንጎ የምትባል ተጫዋች ባልደረባ አለችን፤ ቤት መጥረግ ስፖርት ቢሆን ኖሮ የወሎ ሴት ኦሎምፒኩን ጠቅልላ በወሰደችው ነበር ብላ አሳቀችን። ሌላዋ ደግሞ የሥነ ምግብ ባለሙያው የነገራትን አመጣች፤ ሰውነት ጂም ውስጥ ብረት ብታነሺ ደረጃ ላይ ጀሪካን ብታነሺ ለይቶ አያውቅም፣ ችግሩ ሰው ትንሽ ጠርጎ ብዙ ይመዘግብና በዳቦ ይክሰዋል ብሏታል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንቺስ ምን ትያለሽ ሲሉኝ እጄን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የውሃ ተራችን ደረሰ። ጀሪካኖቹን ሁለተኛ ፎቅ አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ ጠረግሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ ልመዘግብ ስልኩን አነሳሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ «ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት» የሚል አለ። እሱን ሳይ እጄ የራሴን ትቶ የሌላ ሰው ቀን መሙላት ጀመረ። ሴት። ዕድሜ የሚለው ላይ፣ የእታለምን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ሃምሳ አልኩ። ክብደት የሚለው ላይ ያጠቧትን ሴቶች አስታውሼ ትንሽ ቁጥር ጻፍኩ። በእጅ መፍጨት፤ ከጎህ እስከ ረፋድ። በረት መጥረግ። ውሃ ይዞ ዳገት መውጣት፤ ሁለት ጊዜ። ቁጥሩ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ከአባቴ ማሳም፣ ከእናቴ ገበያም፣ ከሁላችንም በለጠ። ምን በላሽ የሚለው ላይ ስደርስ አንድ ቁራሽ የማሽላ ቂጣ አልኩ።

ስልኩ አልተቀበለኝም። ይህ ለአንድ ቀን በጣም ትንሽ ነው፣ ሌላ የበላሽው የለም ወይ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጀሪካኖቹ መሀል መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስንት ዓመት ሙሉ፣ ያኔ የጠየቀላት ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው የኖርኩት። እንዲህ ስል የሚያዝንልኝም አላጣሁም። ግን የጠየቀላት ሰው ነበር፤ እኔ ጠይቄላታለሁ። በሁሉም ፊት፣ አባቴ እየሰማ ጠይቄላታለሁ። እሷም እኔ ምን ሠርቼ አለችኝ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ በላሁ። ሲመሽ የምሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ አልተወኝም፣ እንዲተወኝም አልጸልይም። መናገር አያስፈልገኝም ነበር። እጄን ብቻ ብዘረጋ ይበቃ ነበር፤ ያን ጊዜ ለእኔ የደረሱኝ ሁለቱም ቁራሾች ገና እጄ ላይ ነበሩ።