ግማሽ ኒውትሮን

ከቤቴ ወስደው የቆለፉብኝ በርበሬ ተራ ያለ መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ምንም ሳላይ አስነጠሰኝ፤ ደጋግሞ አስነጠሰኝ።

"አይዞህ ልጄ፣ ይለመዳል" አለኝ ከጨለማው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ። "የኔ በርበሬ ነው፣ ይቅር በለኝ።"

አብረውን የታሰሩት ሁሉ ሐጂ ይሏቸዋል። መጋዘኑ የራሳቸው ነበር። ቀበሌው በርበሬ ደብቀሃል፣ አሻጥረኛ ነህ ብሎ ሸቀጣቸውን ከወረሰ በኋላ እሳቸውንም እዚያው ቆለፈባቸው። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ስለገረፏቸው መቆም አይችሉም ነበር። ወለሉ ላይ የቀረው ብናኝ ቁስላቸው ውስጥ ሲገባ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ከግድግዳው ማዶ ገበያው እንደወትሮው ነው፤ ኩሊው "ዞር በል! ዞር በል!" እያለ ያልፋል፣ ሴቶች በዋጋ ይከራከራሉ። ያን ድምፅ እጠላው ነበር።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ። ምርመራ ላይ ያላደረግሁትን ሁሉ አዎ ብዬ ፈርሜያለሁ። ያን ግርፋት ቀምሶ ማን አይፈርም?

ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ የማታ ተማሪ ነበር። ፈተና ሲደርስበት መጽሐፉን ይዞ እኔ ዘንድ መምጣት ጀመረ። የማስተምርበት ዋጋ አንድ ጣሳ ውሃ ነው። ጣሳውን ለሐጂ እሰጣለሁ፤ ትኩሳት ከያዛቸው ወዲህ ከውሃ ሌላ በጉሮሯቸው የሚወርድ ነገር አልነበረም።

"ኒውትሮኑ ስንት እንደሆነ በምን ይታወቃል?" አለኝ።

"ከአተሙ ክብደት ላይ የፕሮቶኑን ቁጥር ይቀንሱ ጓድ። የተረፈው ኒውትሮን ነው።"

ሶዲየምን ሠራ። ከሃያ ሦስት ላይ አሥራ አንድ ቀንሶ አሥራ ሁለት ሲያገኝ ፊቱ በራ። ለአፍታ ደግ ሰው መሰለኝ።

በማግስቱ ክሎሪንን ሠርቶ መጣ።

"ሠላሳ አምስት ተኩል ሲቀነስ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ተኩል። ልክ ነኝ?"

"አይደለም ጓድ። ግማሽ ኒውትሮን የሚባል ነገር የለም። ክሎሪን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ አሥራ ስምንት፣ ሌላው ሃያ ኒውትሮን አለው። መጽሐፉ የጻፈው የሁለቱን አማካይ ክብደት ነው።"

"ትናንት ቀንስ አልከኝ፣ ቀነስኩ። ዛሬ ደግሞ ልታስጥለኝ ነው? ይሄም አሻጥር ነው!"

ጣሳውን ብድግ አደረገው።

"አሥራ ስምንት ተኩል ነው በል። ሽማግሌው ይጠጣል።"

ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ሐጂ በሚቃጠል እጃቸው ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ግማሹ አለ?"

"የለም ሐጂ።"

"እንግዲያ ተወው። እኔም ያልደበቅኩትን ደብቄያለሁ ብያለሁ። ምን አተረፍኩ?"

"ግማሽ የለም" አልኩት ጠባቂውን።

ሐጂን እያየ ውሃውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አፈሰሰው። ብናኙ ቀይ ጭቃ ሆኖ ወደ ቁስላቸው ሲወርድ ሸሚዜን አውልቄ ከእግራቸው ሥር አነጠፍኩት። ጎንበስ እንዳልኩ በሰደፍ ጎኔን መታኝ። ሸሚዙን ግን አላነሳሁትም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ከነንብረትህ ውጣ!"

ይህ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐጂ ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ።

"ይህን ሁሉ በምን ልሸከመው?" አሉ።

ሳቅን። ፈጣሪ ይቅር ይበለን፣ ሳቅን። ሁለት ጠባቂዎች ደግፈው አወጧቸው፤ ሐጂ አልተመለሱም።

ከተፈታሁ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማርኩ። ክሎሪን ላይ ስንደርስ በየዓመቱ አሥራ ስምንት ተኩል የሚል ልጅ አይጠፋም። አንዱንም ተቆጥቼ አላውቅም። ያን ቀን አዎ ብል ኖሮ ሐጂ ውሃ ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ግማሽ ኒውትሮን ዛሬም የለም። እሳቸውም ሳይጠጡ ነው የሄዱት።