ከግንቡ የወጣው መቃብር

እናቴ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት አንድ ነገር ብቻ ለመነችን፤ ከአባታችሁ ጎን ቅበሩኝ አለች። ግሽ አባይ ካለው ቤታችን፣ አልጋዋ ላይ ሆና፣ እኔን በአንድ እጇ ታናሽ ወንድሜን በሌላው ይዛ። እሽ አልናት። እሽ ማለት ምን ይከብዳል።

አባቴ ያለው ቁንዝላ ነው፣ ሐይቁ ዳር ካለው የድሮ የሙስሊሞች መቃብር። እዚያ የነጋዴ ቤተሰብ ሁሉ ለየራሱ በድንጋይ ከልሎ ነው የሚቀበር። አባቴም በሕይወቱ ሳለ ደረት የሚደርስ የጥቁር ድንጋይ ግንብ አስገንብቶ ነበር። በውስጡ እሱና የፊተኛዋ ሚስቱ ተኝተዋል፤ ከእሱ ጀርባ በኩል አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷል። ያንን ቦታ ደግሞ የፊተኛዋ ልጅ፣ ወንድም ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን፣ የእኔ ነው ይላል። ቁንዝላ የሚኖረው እሱ ነው፤ ለግንቡ የብረት በር አስገጥሞ ቁልፉን ኪሱ የከተተውም እሱ።

የእናቴን ጀናዛ በሚኒባስ አደረስን። በእኛ ወግ ሴት ቀብር ላይ አትቆምምና፣ እናቴን ያጠብናት ሴቶች መኪናው ጋ ቀረን። ከዚያ ሆነን ሁሉንም እናያለን። በሩ ተቆልፏል፤ ጉድጓዱም አልተቆፈረም። ወንድም ጋሼ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ለመኑት፣ ሸኹም ለመኑት። እሱ በሰው ሁሉ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ዕድሜዋን ሙሉ ከጀርባው አልጠፋችም፤ አሁን እንኳ ትተወው» አለ።

ታናሽ ወንድሜ ዶማውን አነሣ። በሁለተኛው ምት ቁልፉ ተበጠሰ። ሦስተኛው ለቁልፉ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ጎንበስ ብሎ አመለጠና በአካፋ ግንባሩን መታው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማውን ድምፅ እኔ መኪናው ጋ ሆኜ ሰማሁት። ወንድሜ የእናቴ ቃሬዛ ላይ ወደቀ። ሞተ ስል ተነሣ፤ በዚያው በተፈነከተ ራሱ የወንድም ጋሼን አፍ ገጨው። ጥርስ ረገፈ። ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ፣ ተናነቁ፣ ተናከሱ። ስድስት ወንድ ገባባቸው፤ አንዱ ገላጋይ ጣቱ ተሰብሮ ወጣ።

ሲላቀቁ ነው ሸኹ ወደ እኛ የተጣሩት። የወንድሜ ደም በእናቴ ከፈን ላይ ፈስሶ ነበር። እንዲህ ሆና አትገባም፣ ያጠቧት ይምጡና ይጠቡት አሉ። የሐይቅ ውኃ በጀሪካን ይዘን ሮጥን። ወንዶቹ ቃሬዛውን ወደ ግንቡ ውስጥ አስገብተው ጀርባቸውን ሰጡን፤ ሴቶቹ ጋቢ ዘርግተው ከለሉ፤ እኔ ደረቷ ላይ ያለውን አጠብሁ። ውኃው ቀልቶ በአባቴ መቃብር ሥር ሄደ።

አባቴ ያሠራውን ግንብ ከውስጥ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ስል የሆነ ነገር አላማረኝም። አባቴ ግንቡን ያስጣለው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ልክ ነው፣ ላላፊ አግዳሚው እንዲያምር። መቃብር ግን መንገድ አይከተልም፤ ቂብላን፣ የምንሰግድበትን አቅጣጫ፣ ነው የሚከተል። ስለዚህ ሁለቱ መቃብሮች በግንቡ ውስጥ በሰያፍ ተጋድመዋል፣ ጠማማ ክፍል ውስጥ እንደገባ አልጋ። ከአባቴ ጀርባ ያለው ቦታ በራስጌ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ በግርጌ ስንዝር አይሞላም። ወንዶቹ ስንት ዓመት ሲመላለሱበት አላዩትም። ለነገሩ ቀብር ላይ ሰው ጉድጓዱን ነው የሚያይ።

በክንዴ ለካሁ። ከፈኗን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፣ ቁመቷን አውቃለሁ። እንደገና ለካሁ።

«ወንድም ጋሼ» አልሁት፣ «ይኼ ቦታ ለእናቴ አይበቃም። ለአንተማ ጭራሽ፤ አንተ ከእሷ በክንድ ትረዝማለህ።»

«አንች ደግሞ ግንበኛ ሆንሽ?»

ደሙን ተፍቶ ገባ። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት፣ ከአባቴ ጀርባ፣ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ። እግሩን ሲዘረጋ ግንቡ ያዘው። ወደ ራስጌ ሳብ አለ፤ አሁንም ጉልበቱን አጠፈ። አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ወንድም ጋሼ አቧራውን ሳያራግፍ ተነሣ።

ዘወር አድርገን ብንቆፍርላትስ ያለ ነበር።

«ግንቡ ይዙር ካላችሁ ይዙር» አሉ ሸኹ፣ «ቂብላ አይዞርም።»

ወንድም ጋሼ መሬት የወደቀውን ዶማ አነሣ። ወንዶቹ ታናሽ ወንድሜን ወደ ኋላ ሳቡት፤ እኔም በእናቴ ላይ ጎንበስ አልሁ። የመታው ግን የግርጌውን ማዕዘን ነው። መታው፣ ደገመው፤ እያጓራ ነበር የሚመታ፣ የድንጋዩ ፍንጣሪ የሸኹን ቅልጥም እስኪያደማ። ለእናቴ አዝኖ ነው አልልም። ግንቡ አዋርዶት ነበርና ግንቡን ገደለው፣ እንዲያ ነው የመሰለኝ። ወንዶቹ በተከፈተው በኩል መቆፈር ያዙ።

እኛን ውጡ አሉን፣ ወጣን። ግን ማዕዘኑ ፈርሷልና ከውጭም ይታያል። እናቴ ከአባቴ ጀርባ ገባች፣ እግሯ ከግንቡ ወጥቶ። አፈሩን መጀመሪያ የመለሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ግንባሩ በሻሽ ታስሮ።

ወንድም ጋሼ አጠገቤ ካለው ፍርስራሽ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ አብጦ ቃሉ በደንብ አይወጣለትም።

«እኔስ የት ልገባ ነው?» አለኝ።

የነጠላዬን ጫፍ አፉን ይጫንበት ብዬ ሰጠሁት።